ታሞ መዳን ወይስ መከተብ፦ የቱ የተሻለ አንቲቦዲ ይሰጣል?

«አንዴ ታምሜ ድኛለሁ፣ ክትባት ምን ያደርግልኛል?» ይህን ስንቴ ሰምተነዋል። መልሱ እንደ ቫይረሱ ነው።

ኮቪድን እንውሰድ።

ሲይዘን፦ ሰውነት ቫይረሱን በሙሉ ያየዋል፤ ለብዙ ክፍሎቹ አንቲቦዲ (ቫይረሱን ለይቶ የሚይዝ የመከላከያ ፕሮቲን) ይሠራል። አፍንጫና ጉሮሮ ላይም ዘብ ይቆማል።

ስንከተብ፦ የኤምአርኤንኤ ክትባት (ለሰውነት የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ የሚሰጠው ዓይነት) የሚያሳየው ከቫይረሱ ላይ እንደ እሾህ የወጣውን ሹል ፕሮቲን ብቻ ነው። ክንድ ላይ ስለሚወጋ አንቲቦዲው በዋናነት ደም ውስጥ ነው።

መጠኑስ? በሕመም የሚገኘው ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ቀለል ብሎ ያለፈው ሰው አንዳንዴ እዚህ ግባ የማይባል ነው የሚያመርተው። የክትባቱ ዶዝ የተለካ ስለሆነ ልዩነቱ ይጠባል። በጊዜ መቀነሱ ግን ለሁለቱም አይቀርም።

ኤችፒቪ (የማህፀን በር ካንሰር የሚያመጣው ቫይረስ) ላይ ክትባቱ በግልጽ ይበልጣል፤ ተይዘውም አንቲቦዲ የማይሠሩ ብዙ ናቸው። ኩፍኝ ደግሞ አስገራሚ ነው። ታሞ የዳነ ዕድሜ ልኩን ይጠበቃል፣ ሁለት ዶዝ ክትባትም 97 በመቶ ገደማ ይከላከላል። ዋጋው ነው ጉዱ! ሕመሙ ለሌሎች በሽታዎች ከተጠራቀመው አንቲቦዲ ብዙውን ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። ክትባቱ እንዲህ አያደርግም።

ኮቪድ ይዞት ለዳነ ሰው አንድ ዶዝ ሲጨመር አንቲቦዲው ይመነደጋል። ላልያዘው ግን መከተብ እያለ «ይያዘኝና ይውጣልኝ» ማለት ለእኔ ቁማር ነው።