የከባድ ማሽን ጥገና ስልጠና፦ ገንዘቡ ይገባዋል ወይ ለምትሉኝ

የከባድ ማሽን ጥገና ኮርስ ቃሊቲ አካባቢ ካለ አንድ የግል ማሰልጠኛ ወስጄ ጨርሻለሁ፣ ከዛ ወዲህ ጋራዥ ያሉ ልጆችም የሰፈር ሰውም "ይጠቅማል ወይ፣ ልግባ ወይ" እያለ ስለሚጠይቀኝ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው። የማሰልጠኛውን ስም አልጠራም፣ ዋናው ነገር የትም ብትሄዱ ምን ብላችሁ ጠይቃችሁ እንደምትገቡ ማወቃችሁ ነው። ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፣ የሃይድሮሊክ (በዘይት ግፊት የሚሰራው) እና የኤሌክትሪክ ክፍሉ ብቻውን የከፈልኩትን ያወጣል፣ የሞተሩ ክፍል መካከለኛ ነው፣ ማስታወቂያው ላይ የለጠፉት የኒውክሌር ነገር ግን ልክ አይደለም፣ እሱን ታች እመጣበታለሁ።

እኔ የመጣሁት ከቤት መኪና ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ማውረድ ምናምን ስሰራ ነው የኖርኩት። ከባድ ማሽን ላይ ያለው ልዩነት ግዝፈቱ ብቻ አይደለም፣ የቤት መኪና ቢበላሽ ባለቤቱ ራይድ ጠርቶ ይሄዳል፣ ሳይት ላይ ኤክስካቫተር ሲቆም ግን ከሱ የሚጭኑት ሲኖዎች በሙሉ ተሰልፈው ይቆማሉ፣ ኦፕሬተሩ ቁጭ ይላል፣ ኪራዩ በሰዓት ይቆጥራል፣ ኮንትራክተሩ ስልክ ላይ ይጮሃል። እዚህ ቦታ ላይ ጥሩ ብር የሚከፈለው ችግሩ የት እንዳለ ቶሎ ለሚያገኝ ሰው ነው። የተለመደው አሰራራችን ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ "እስቲ ይሄን ቀይረን እንየው" ይባላል፣ ካልሆነ ሌላ ይቀየራል፣ ካልሆነ ደግሞ ሌላ። ዋና የሃይድሮሊክ ፓምፕ እኮ በውጭ ምንዛሪ የሚመጣ ዕቃ ነው፣ በግምት አይቀየርም። ስልጠናው የሰጠኝ ትልቁ ነገር ይሄን ልማድ ማስጣሉ ነው፣ ሳትለካ አትፈታም።

የሃይድሮሊክ መምህራችን ዕድሜያቸውን ግድብና መንገድ ሳይት ላይ የጨረሱ ትልቅ ሰው ናቸው። ለመለማመጃ የቆመው ባለ 20 ቶን ኤክስካቫተር ቡሙ (ትልቁ ክንዱ) ሲነሳ ይንቀራፈፋል፣ ክፍሉ በሙሉ "ፓምፕ ነው" አለ። እሳቸው አልተከራከሩንም፣ ስቲኩን (ትንሹን ክንድ)፣ ባልዲውን፣ ስዊንጉን (ዙሪያውን መዞሩን)፣ ትራኩን (የሚሄድበትን ሰንሰለት) አንድ በአንድ አስሞከሩን፣ ሌላው በሙሉ ደህና ነው። "ታዲያ ለሁሉም የሚገፋው ያው ፓምፕ አይደል እንዴ፣ ለቡም ብቻ መርጦ ይደክማል?" አሉን። ልክ ናቸው። ሁሉም ነገር ከዘገየ ወደ ፓምፑ፣ ወደ ፓይለት ግፊቱ (ቫልቮቹን ወደሚያዘው ትንሹ ግፊት)፣ ወደ ሞተሩ ጉልበት ነው የምትሄዱት፣ አንዱ ብቻ ከዘገየ ግን የዛኑ መስመር ስፑል (ዘይቱን የሚመራው ዘንግ)፣ ሪሊፍ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) እና የሲሊንደር ሲል (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው) ነው ሚታየው። ከዛ ጌጅ አስገብተን ለካን፣ እንዲህ አይነት ማሽን ላይ ዋናው ግፊት ወደ 350 ባር (የግፊት መለኪያ) ነው፣ ፓይለቱ ደግሞ ወደ 40 ባር፣ ትክክለኛው ቁጥር ግን ሁሌም ከራሱ ከሞዴሉ ማንዋል ነው ሚወሰደው። ፓይለቱ ልክ፣ ዋናውም ለሌሎቹ ልክ፣ ቡም ስናነሳ ብቻ ግፊቱ ይወርዳል። የቡሙ መስመር ሪሊፍ ቫልቭ ተፈቶ ሲታይ መቀመጫው ላይ የብረት ፍርፋሪ ገብታ ቫልቩ አይዘጋም። ታጥቦ ተመለሰ፣ ቡሙ ተነሳ። እሳቸው ግን እዚህ ላይ አላቆሙም፣ "ፍርፋሪዋ ከየት መጣች?" ብለው ፊልትሮውን በመጋዝ አስቆርጠው ወረቀቱን አስዘረጉን፣ የነሐስ ብናኝ አለ የለም፣ የብረት አለ የለም እያልን አየን፣ የፓምፑንም የኬዝ ድሬን (ውስጡ ሾልኮ ወደ ታንከር የሚመለሰው ዘይት) ፍሰት ለካን፣ ምክንያቱም ፓምፕ ውስጡ ሲበላ መጀመሪያ የሚናገረው እዛ መስመር ላይ የሚፈሰው ዘይት ሲበዛ ነው። እንዲህ አይነት ትምህርት በመጽሐፍ አይገኝም፣ እኚህ ሰውዬ ባይኖሩ ኮርሱ ግማሹን ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ ስልጠና ገባችሁም አልገባችሁም ልንገራችሁ፣ ረዳት የሆናችሁ ልጆች በተለይ አንብቡት። ሆዝ ሲያንጠባጥብ በእጃችሁ ዳስሳችሁ አትፈልጉ። የመርፌ ጫፍ የምታክል ቀዳዳ በዛ ግፊት የምትተፋው ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ መጀመሪያ ትንሽ ነጥብ ነው ሚመስለው፣ ብዙም ላያም ይችላል፣ ውስጥ ግን ስጋውን እየገደለ ይሄዳል፣ ቶሎ ኦፕራሲዮን ካልተደረገ ጣትም እጅም እስከ መቁረጥ ያደርሳል። ፍሳሽ የሚፈለገው በካርቶን ወይም በጣውላ ነው። ከገባባችሁ ደግሞ ታጥባችሁ ስራ አትቀጥሉ፣ በቀጥታ ሆስፒታል፣ ሐኪሙንም "በግፊት የገባ የሃይድሮሊክ ዘይት ነው" በሉት። አኩሙሌተር (ግፊት የሚያጠራቅመው በጋዝ የሚሞላ ጠርሙስ) ውስጥም የሚሞላው ደረቅ ናይትሮጅን ብቻ ነው፣ ኦክስጅን የሞላበት ሰው ፈንጂ ነው የሰራው።

ኤሌክትሪኩን ብዙ መካኒክ ይፈራዋል፣ እኔም ከሁሉ በላይ የተጠቀምኩት እዚህ ነው ብል ይቀለኛል። አዲሶቹ ማሽኖች ላይ፣ የአሜሪካኑም የጃፓኑም የቻይናውም፣ ኮምፒውተሮቹ የሚነጋገሩበት ካን የሚባል ሁለት የተጠማዘዘ ሽቦ አለ። ሁለቱ ጫፍ ላይ 120 ኦም ሬዚስተር ስላለ ባትሪውን አቋርጣችሁ በሁለቱ ሽቦ መሃል ስትለኩ 60 ኦም አካባቢ መምጣት አለበት፣ 120 ካነበባችሁ አንዱ ጫፍ ጠፍቷል ወይም መሃል ላይ ተቆርጧል፣ ወደ ዜሮ ከሄደ ሽቦዎቹ ተነካክተዋል። ርካሽ መልቲሜትር ነው የሚሰራው ይሄን። የስህተት ኮዱም ላይ ኤፍኤምአይ (የብልሽቱን ዓይነት የሚናገረው ቁጥር) 3 ሲል ቮልቴጁ ከልክ በላይ፣ 4 ሲል ከልክ በታች ማለት ነው፣ በብዙ ሴንሰሮች ላይ 4 ካለ ሶኬቱን ንቀሉትና ኮዱን እዩ፣ ወደ 3 ከተቀየረ ሽቦው ደህና ነው ሴንሰሩ ነው የሞተው፣ 4 ላይ ከቀረ ደግሞ ሴንሰር አትግዙ ሽቦው የሆነ ቦታ ከቦዲ ተነካክቷል። ስንት ሰው ነው "ሴንሰር ነው" ተብሎ ደህናውን አስጥሎ አዲስ የገዛው።

ሞተሩ ላይ ቅር ያለኝ አለ። የምንፈታው ሞተር የድሮው ባለ መካኒካል ፓምፕ ነው፣ ኮመን ሬይል የተባለው (ነዳጁን በኮምፒውተር እየታዘዘ በከፍተኛ ግፊት የሚረጨው አዲሱ ዓይነት) ለማሳያ ተቆርጦ የቆመ ነው፣ ኖዝል (ነዳጅ መርጫ) መፈተሻውም እኛ እያለን አልሰራም። ሳይት ላይ ግን የሚጠብቃችሁ ኮመን ሬይል ነው፣ የሚያጠፋውም የነዳጅ ቆሻሻና ውሃ ነው፣ እዚህ ላይ ማሰልጠኛው ገንዘብ ማውጣት አለበት። የዘይት ምርመራው ትምህርት ግን ጥሩ ነበር፣ ልክ ሐኪም ደም አስመርምሮ እንደሚያነበው ዘይቱን አስመርምሮ ማንበብ ማለት ነው፣ ሲሊከንና ብረት አብረው ከጨመሩ አቧራ እየገባ ነው፣ የአየር ፊልትሮውንና ከፊልትሮው እስከ ቱርቦ ያለውን ጎማ ፈትሹ፣ ሞተሩ ሳይወርድ በፊት ማለት ነው።

ሌላው ቅሬታዬ የተማሪው ብዛት ነው፣ አንድ ማሽን ላይ ብዙ ሰው ይከበብና ኋላ የቆመው ጀርባ ብቻ አይቶ ይሄዳል፣ እኔ ጠዋት ቀድሜ እየገባሁ ነበር ፊት የምቆመው። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ዝግጅቱ ደግሞ ጥያቄ መሸምደድ ሆኗል። ልምምድ እናገናኛችኋለን ያሉትም ደብዳቤ ጽፎ መስጠት ነው፣ በር የምታንኳኩት ራሳችሁ ናችሁ። እነዚህን ቢያስተካክሉ ያለ ማቅማማት ሁሉንም ሰው እልክ ነበር።

አሁን ወደ ኒውክሌሩ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ህዳሴ ግድብ ሲመረቅ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ከተናገሩ፣ መስከረም ላይ ደግሞ ሞስኮ ከሩሲያው የመንግስት የኒውክሌር ድርጅት ከሮሳቶም ጋር የትግበራ እቅድ ከተፈረመ በኋላ ማሰልጠኛው ማስታወቂያው ላይ "ለኒውክሌር ዘርፍ የሚያበቃ" የሚል ጨመረ። ውስጥ ገብታችሁ የምታገኙት ስላይድ የሚታይበት አንድ ከሰዓት ብቻ ነው። ይሄ ልጆችን ያሳስታል፣ አብሮኝ የተማረ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ጎበዝ ልጅ በዚህ ተስቦ ነው የገባው። የኒውክሌር ኢንጂነር መሆን የሚፈልግ ልጅ መንገዱ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ሂሳብና ፊዚክስ፣ ሜካኒካል ወይም ኤሌክትሪካል ምህንድስና፣ ከዛ በላዩ ላይ የሪአክተር ፊዚክስ፣ የሙቀት ስርጭት፣ የጨረር መከላከያ ይማራል፣ ዓመታት ይፈጃል። ይሄን በአጭር ኮርስ እንሰጣለን የሚል ካለ አትስሙት።

ግን ደግሞ መምህራችን በዛች ከሰዓት የተናገሩት እውነት አለበት፣ ማስታወቂያውም እሱን ብቻ ቢጽፍ ምንም አልልም ነበር። ግብጽ ኤል ዳባ ላይ ሮሳቶም እየሰራ ያለው እያንዳንዳቸው 1200 ሜጋዋት የሆኑ 4 ሪአክተሮች ናቸው፣ የመጀመሪያው ኮንክሪት የፈሰሰው 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ኤምሬትስ ባራካህ ደግሞ ግንባታው በ2012 ተጀምሮ አራተኛው ሪአክተር ስራ የገባው በ2024 ነው፣ ሁለቱም እ.ኤ.አ.። ይሄን ሁሉ ዓመት መጀመሪያ መሬቱን የሚቆፍረው ኤክስካቫተር፣ የሚደለድለው ዶዘር፣ የሚያነሳው ክሬን ነው፣ እነሱን የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። ማመንጫው ስራ ከጀመረ በኋላም ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ ናፍጣ ጀነሬተር አለ፣ የመብራት መስመር ቢጠፋ ሪአክተሩን የሚያቀዘቅዙትን ፓምፖች የሚያንቀሳቅሰው ናፍጣው ነው። እዛ የሚሰራ መካኒክ አንድ ቦሎን ሲያጠብቅ ካሊብሬት በተደረገ (ልኬቱ በተረጋገጠ) ቶርክ ቁልፍ፣ በተጻፈ ስነ ስርዓት፣ ሌላ ሰው አይቶ እየፈረመበት ነው፣ የሚወስደው ጨረርም እየተለካ ይመዘገብለታል፣ ለሰራተኛ የተቀመጠው ዓለም አቀፍ ገደብ በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት (የጨረር መጠን መለኪያ) ነው። ስለዚህ በግምት የሚሰራ መካኒክ እዛ በር ላይ ነው ሚመለሰው፣ ለክቶና መዝግቦ የሚሰራ ግን ቋንቋና ሌቭሉን (የሙያ ደረጃውን) ካሟላ ቦታ አለው። ያንን ልጅ እኔም መምህሩም መክረነው አሁን ለዩኒቨርሲቲ እየተዘጋጀ ነው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ።

ማን ይግባ ካላችሁ፣ ጋራዥ ውስጥ ጥቂት ዓመት የሰራ፣ ቁልፍ መያዝ የሚያውቅ ሰው ይግባ፣ ከዜሮ ለሚጀምር ይፈጥንበታል። ከዜሮ ከሆናችሁ ረዘም ያለ የኮሌጅ ስልጠና ይሻላችኋል፣ ለምሳሌ ሰላም ዴቪድ ሮሽሊ ኮሌጅ ውስጥ ቮልቮ፣ ዩኒዶ (የተመድ የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት) እና የስዊድኑ የልማት እርዳታ ድርጅት ሲዳ ተባብረው የከባድ ማሽን አካዳሚ አቋቁመው ነበር፣ ከአምራቹ መሳሪያና ማንዋል ጋር መማር ሌላ ነገር ነው። ካናዳ ያላችሁ ደግሞ፣ ካልጋሪና ኤድመንተን ብዙ አበሻ ስላለ ነው የምጽፈው፣ አልበርታ ላይ የከባድ ማሽን ቴክኒሻንነት እየሰራችሁ እየተከፈላችሁ የምትማሩት የ4 ዓመት አፕረንቲስሺፕ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለው የሬድ ሲል ፈተና (በመላ ካናዳ የሚታወቅ የሙያ ማረጋገጫ) ሌላ ክፍለ ሀገርም ያሰራል፣ ታክሲ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼ በደንብ አስቡበት።

እዚህ ለመመዝገብ የምትሄዱ ከመክፈላችሁ በፊት ወርክሾፑን ግቡና እዩ። ማሽኑ ይነሳል ወይ ብላችሁ አስነሱት፣ አንድ ማሽን ላይ ስንት ሰው እንደሚመደብ፣ የግፊት ጌጅና ላፕቶፕ ዲያግኖስቲክስ መኖሩን፣ የሞዴሉ ሰርቪስ ማንዋል መኖሩን ጠይቁ፣ የሚያስተምረውን ሰው ራሱን አግኝታችሁ የት እንደሰራ ጠይቁት። ሬጂስትራሯ ብሮሹር ብቻ ሰጥታ ልትሸኛችሁ ከፈለገች ውጡ። እኔ የተማርኩበት ማሰልጠኛ የቅዳሜና እሁዱ ፈረቃ ሰው ያንስበታል፣ ማሽኑ ላይ ብዙ ትቆያላችሁ፣ የሃይድሮሊኩ መምህርም የሚገቡት በዛ ፈረቃ ነው፣ ጫማና መልቲሜትር ግን ከነሱ አትጠብቁ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።