ለአዳማ የሰርቨር ክፍል የትኛው ማቀዝቀዣ ይሻላል?

አዳማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ራክ (ሰርቨሮች የሚደረደሩበት መደርደሪያ) ሰርቨር ያላቸው ሆስፒታሎች፣ የብድርና ቁጠባ ተቋማት፣ ኮሌጆችና ሆቴሎች ጥቂት አይደሉም። ማቀዝቀዣ ለመግዛት ሲነሱ ከፊታቸው የሚቀርበው ምርጫ አራት ነው፤ ተራው ስፕሊት ኤሲ፣ ለሰርቨር ክፍል ተብሎ የተሠራው ፕሪሲዥን ኤሲ፣ በውሃ ትነት የሚሠራው ማቀዝቀዣ፣ እንዲሁም የውጭ አየር የሚያስገባው ቬንትሌተር። ዋጋ ከማወዳደር በፊት ግን አንድ ጥያቄ መቅደም አለበት። ይህ ዕቃ እኩለ ሌሊት ላይ ቢቆም ሰርቨሩን የሚያተርፈው ምንድን ነው? የሕሙማን መዝገብ የያዘ ሰርቨር በሙቀት ሲጠፋ ጠዋት ካርድ ክፍሉ በር ላይ የሚጉላላው ታማሚ ነው። ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ዕቃ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ መገዛት የለበትም።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ሰርቨር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ አንድ ኪሎ ዋት በሰዓት 3,412 ቢቲዩ (የኤሲ አቅም የሚገለጽበት የሙቀት መለኪያ) ሙቀት ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 400 ዋት የሚወስዱ አምስት ሰርቨሮች፣ ኔትወርኩን ከሚያገናኘው ስዊችና መብራት ሲጠፋ በባትሪ ከሚተካው ዩፒኤስ ጋር፣ ወደ 2.5 ኪሎ ዋት ይጠጋሉ። ይህም 8,500 ቢቲዩ ገደማ ነው። በወረቀት ላይ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ ይበቃል። አዳማ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ፣ ማራገቢያው ያንኑ ያህል አየር ቢገፋም የሚሸከመው ሙቀት ያንሳል። በዚህ ላይ የቆርቆሮ ጣሪያውና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ የራሳቸውን ይጨምራሉ። ስለዚህ 18,000 ቢቲዩ ይግዙ።

ከፍታው ሰርቨሩንም ይነካዋል። በሙያው መመሪያ ሆኖ የሚያገለግለው የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር) ደረጃ ወደ ሰርቨሩ የሚገባው አየር ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ቢሆን ይመክራል። እስከ 35 ዲግሪ ይችላሉ የሚባሉት ሰርቨሮች ደግሞ ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነስባቸዋል፤ አዳማ ላይ የሚችሉት ከፍተኛ ሙቀት ወደ 32 ይወርዳል። ቀትር ላይ ከ30 ዲግሪ የሚያልፉ ቀናት ባሉበት ከተማ ይህ ጠባብ ልዩነት ነው።

ዋናው ፉክክር በስፕሊቱና በፕሪሲዥኑ መካከል ነው። ፕሪሲዥኑ ሃያ አራት ሰዓት ለመሥራት የተሠራ ነው፤ እርጥበትን ይቆጣጠራል፤ ችግር ሲገጥመው ይጮኻል፤ ጉልበቱን ከሞላ ጎደል አየሩን ለማቀዝቀዝ ያውለዋል። ስፕሊቱ ለሰው ምቾት የታሰበ በመሆኑ የጉልበቱ ከፊል አየሩን ለማድረቅ ይሄዳል። ሆኖም በአዳማ የበጋ ወራት አየሩ ራሱ ደረቅ ስለሆነ የሚባክነው ጉልበት ትንሽ ነው። ፕሪሲዥኑ የሚመካበት ብልጫ እዚህ ከተማ ላይ ይጠባል፤ ሐይቅ ዳር ለምትገኘው ሐዋሳ ቢሆን ነገሩን በሌላ ዓይን አየው ነበር።

ጥገናውስ? ስፕሊት የሚጠግን ባለሙያ አዳማ ውስጥ አይጠፋም። የፕሪሲዥኑ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ከአዲስ አበባ ይጠበቃል፤ የፍጥነት መንገዱ ጉዞውን ቢያሳጥረውም ከውጭ አገር የሚታዘዝ ቦርድ ሳምንታት ያስጠብቃል። እስከዚያ ክፍሉ በምን ይቀዘቅዛል? ለአንድ ወይም ሁለት ራክ የእኔ ምርጫ፣ እያንዳንዳቸው ክፍሉን ብቻቸውን መሸከም የሚችሉና በየሳምንቱ የሚፈራረቁ ሁለት ባለ ኢንቨርተር ስፕሊቶች ናቸው። አንድ ብቻውን የቆመ ፕሪሲዥን አልመክርም። ሙቀቱ ከ10 ኪሎ ዋት ሲያልፍና በጀቱ ሁለት ፕሪሲዥን ሲችል ግን ሚዛኑ ወደ እርሱ ያደላል።

ኢንቨርተር (የሞተሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ የሚያስተካክል) የምለው ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ጀነሬተሩን ስለማያስጨንቅ ነው። የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ የቮልቴጅ መዋዠቅ ስለማይወድ ስታቢላይዘር አብሮ ይገዛ። ጋዙ አር-22 የሆነ ያገለገለ ኤሲ በርካሽ ቢቀርብም ይቅር፤ ጋዙ ኦዞንን የሚጎዱ ጋዞችን ለማስቀረት በተደረገው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ በሞንትሪያል ፕሮቶኮል፣ መሠረት ከገበያ እየወጣ ነው፤ ወደፊት ማስሞላት ያስቸግራል።

በውሃ ትነት የሚሠራው በበጋ ያጓጓል፤ ኤሌክትሪክ የሚወስደው ጥቂት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ውሃ ሲቋረጥ ይቆማል፤ የውሃው ጨው አየሩ የሚያልፍበትን እርጥብ ንጣፍ ያደነድነዋል፤ እርጥበቱንም ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። ለመጋዘን ይሁን፤ ለሰርቨር ክፍል አይሆንም።

ቬንትሌተርን ዋና ማቀዝቀዣ ማድረግም አይቻልም። 51 ሜጋ ዋት እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አዳማ ላይ የተተከሉት ነፋሱ ብርቱ ስለሆነ ነው፤ ያው ነፋስ አቧራውንም ያመጣል። ለክፉ ቀን ግን ከቬንትሌተር የሚሻል የለም። መብራት ሲጠፋ ዩፒኤሱ ሰርቨሩን ይዞ ይቀጥላል፤ ኤሲው ይቆማል፤ ጠባብ ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል። ኤሲውን ዩፒኤስ ላይ መጫን አይታሰብም፤ ትንሽ ቬንትሌተር ግን ይቻላል። 2.5 ኪሎ ዋት ሙቀትን ለማውጣት፣ አየሩ በሰርቨሩ ሲያልፍ 10 ዲግሪ እንዲጨምር ከተፈቀደ፣ በሰዓት 900 ሜትር ኩብ አየር ገደማ ይበቃል። ማስገቢያው በማጣሪያ ተሸፍኖ ከራኩ ፊት በታች፣ ማስወጫው ከኋላ ከኮርኒሱ ሥር ይሁን፤ ሙቀቱ 30 ሲደርስ በራሱ የሚያስነሳው ቴርሞስታትም ይገጠምለት።

የቱም ይገዛ፣ አተካከሉ ግማሹን ሥራ ይወስነዋል። ቀዝቃዛው አየር በሰርቨሩ ፊት በኩል ይምጣ። ከራኩ በላይ ኤሲ አይሰቀል፤ የፍሳሽ ቱቦው የተደፈነ ቀን ውሃው ሰርቨሩ ላይ ይንጠባጠባል። ራኩ ላይ ባዶ የቀሩ ቦታዎች ካልተከደኑ ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ዞሮ ወደ ፊት ይገባል፤ ክዳኑ ርካሽ ነው፤ ውጤቱ ግን ወዲያው ይታያል። በበጋ የኤሲውን ማጣሪያ በየሁለት ሳምንቱ አውጥታችሁ ወደ መስኮቱ ያዝ አድርጉት፤ ብርሃን ካላሳለፈ አየርም አያሳልፍም።

ፕሮፎርማ ስትጠይቁ የማቀዝቀዝ አቅሙ በ1,700 ሜትር ከፍታ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኤሲው ያለ ሰው እጅ የሚነሳ መሆኑንም ጠይቁ፤ ይህ የሌላቸው ሞዴሎች አሉና። ርክክቡ ላይ ሻጩ ባለበት ብሬከሩን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት፤ በራሱ ካልተነሳ ክፍያ አትፈጽሙ።