ሰማያዊ ዓይን ያላት ነጭ ድመት፣ ሲያም ወይስ ዳልሜሽያን? ከመግዛታችሁ በፊት ጆሮውን እዩ

ሰማያዊ ዓይን ያላት ነጭ ድመት ልብ ትሰርቃለች። እኔም በጣም እወዳታለሁ። ግን ሁለቱም ዓይኖቿ ሰማያዊ ከሆኑ የመስማት ዕድሏ ትንሽ ነው። እንዲህ ካሉት ድመቶች ከ65 እስከ 85 በመቶ የሚሆኑት አይሰሙም። አንድ ዓይኗ ብቻ ሰማያዊ ከሆነ 40 በመቶ ገደማ ነው። ሰማያዊ ዓይን ከሌላት ደግሞ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል።

ችግሩ ከፀጉሯ ጋር አብሮ የሚወረስ ነው። ነጭ የሚያደርጋት ጂን ቀለም ሰሪ ሴሎች ወደ ውስጥ ጆሮ እንዳይደርሱ ያግዳል። እነዚህ ሴሎች እዚያ ትልቅ ሥራ አላቸው፤ የጆሮውን ፈሳሽ ሚዛን ይጠብቃሉ። እነሱ ከሌሉ ድምፅ የሚቀበሉት ሴሎች በተወለደች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞታሉ። ከዚያ በኋላ የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም። ቤት ውስጥ ብቻ የምትኖር ከሆነ ግን ደስተኛ ሆና ትኖራለች። ደጅ አትልቀቋት፤ መኪና ሲመጣ አትሰማም።

ሲያም የምትባለው የድመት ዝርያም ሰማያዊ ዓይን አላት፤ የእሷ ግን ሌላ ነገር ነው። ቀለም ሰሪ ሴሎቿ በቦታቸው አሉ። ቀለሙን የሚሠራው ኢንዛይም ሙቀት ላይ ይደክማል። ፊቷ፣ ጆሮዋና ጅራቷ የጠቆሩት ከሌላው ሰውነቷ ስለሚቀዘቅዙ ነው። ስለዚህ ቀለሟ ጆሮዋን አይነካም። ሰማያዊ ዓይን ለሚወድ ሰው ሲያምን እመርጥለታለሁ።

ውሻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ዳልሜሽያን በሚባለው ነጠብጣባማ ዝርያ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አሜሪካ ውስጥ ከተመረመሩት 30 በመቶ ገደማው ቢያንስ በአንድ ጆሮ አይሰሙም። ሰማያዊ ዓይን ያለው ቡችላ የበለጠ ያሰጋል። ሲወለድ ፀጉሩ ላይ ትልቅ ጥቁር ወይም ቡናማ ቦታ ያለው የተሻለ ይሰማል። የሚያሳዝነው፣ ይኸው ቦታ በውሾች የቁንጅና ውድድር እንደ ጉድለት ይቆጠርበታል።

እንደ አውስትራሊያን ሼፐርድ ባሉ ዝርያዎች ውስጥ ሜርል በሚባል ጂን ዥንጉርጉር የሆኑ ውሾች አሉ፤ ጂኑን ከአንድ ወላጅ ብቻ ከወረሱ ስጋቱ ትንሽ ነው። ከሁለቱም ከወረሱ ግን ብዙዎቹ ነጭ ሆነው ይወለዳሉ፤ ጆሮም ዓይንም ሊያጡ ይችላሉ። ሜርልን ከሜርል ከሚያዳቅል አርቢ ምንም አትግዙ።

እጅ ማጨብጨብ አያስተማምንም። እንስሳው እንቅስቃሴውን ያያል፣ ንዝረቱም ይሰማዋል። አንድ ጆሮው ብቻ ቢሰማም ዞር ይላል። የሚያስተማምነው ቤር የሚባለው ምርመራ ነው፤ እያንዳንዱ ጆሮ ድምፅ ሲሰማ አንጎል የሚሰጠውን ምላሽ ይለካል። ከ5 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ ይሠራል። የቡችላውንም የወላጆቹንም ውጤት ጠይቁ።