ሰልፋሳላዚን፦ ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ የአንጀት መድኃኒት ከደሴ ቤታችን ሲታይ

ሰልፋሳላዚን የተባለው ክኒን በእኔ አንጀት ላይ ሠርቷል፤ ዋጋውም ከሌሎቹ የዚህ ሕመም መድኃኒቶች አንጻር የሚቻል ነው፤ ነገር ግን አጠገቡ ሰው ለሌለው ታማሚ አስቸጋሪ መድኃኒት ነው። ይህን የምለው አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የሚባለውን የትልቁ አንጀት ሕመም ይዤ፣ ደሴ ከቤተሰቦቼ ጋር እየኖርኩና ለሥራ ኮምቦልቻ እየተመላለስኩ፣ ለዓመታት በየቀኑ ስውጠው የቆየሁ በመሆኔ ነው።

ሕመሙ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በርበሬ በመብላትም አይመጣም። የሰውነት መከላከያ ኃይል የገዛ አንጀትን ሲያጠቃ የሚፈጠር የማያቋርጥ መቆጣት ሲሆን፣ ጋብ ይላል፣ ደግሞ ያገረሻል። ደም የቀላቀለው ተቅማጥና ቁርጠቱ ከአሜባ ጋር ስለሚመሳሰል፣ ለእኔም ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ክሊኒክ የአሜባ መድኃኒት በተደጋጋሚ ታዝዞልኛል። ትክክለኛው ነገር የታወቀው በኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ አንጀቴ ታይቶ ናሙና ከተወሰደ በኋላ ነው።

መድኃኒቱ አዲስ አይደለም። ናና ስቫርትዝ የተባሉ ስዊድናዊት ሐኪም ለመገጣጠሚያ ሕመም ብለው ያሠሩት ሲሆን፣ የአንጀት ታማሚዎችንም እንደሚረዳ በ1942 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አሳወቁ። ክኒኑ ሁለት መድኃኒቶች ተጣምረው የተሠራ ነው፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ በዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጥምረቱን ይለያዩታል፤ ሜሳላዚን የተባለው ክፍል እዚያው የተቆጣውን አንጀት ሲያክም፣ ሰልፋ ከሚባሉት የባክቴሪያ መድኃኒቶች ወገን የሆነው ሌላው ክፍል ግን ወደ ደም ይገባና አብዛኛውን ማቅለሽለሽና ራስ ምታት ያመጣል። ስለዚህ ሰልፋ የማይስማማው ሰው ሊወስደው አይገባም።

ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ክኒን ትልቅ ነው፤ ለመዋጥም ያስቸግራል። ሐኪሜ በትንሽ መጠን አስጀምረው ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉልኝ፤ ሕመሙ ጋብ ካለ ወዲህ በቀን 2 ግራም፣ ማለትም አራት ክኒን እወስዳለሁ። ሽንትን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ይህ ቀድሞ ስላልተነገረን እናቴ ደም መስሏት ደንግጣ ነበር። ፎሊክ አሲድ የተባለው ቪታሚን በደንብ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያደርግ እሱም አብሮ ይታዘዛል፤ የደም ሴልና የጉበት ምርመራም በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት መቅረት የለበትም። ውሃ በብዛት መጠጣት ግዴታ ነው፤ የደሴ ብርድ ግን ውሃ የሚያስጠጣ ስላልሆነ እናቴ ለብ ያለ ውሃ በፔርሙዝ ሞልታ አልጋዬ አጠገብ ታስቀምጥልኝ ጀመር።

ቤተሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሕመሙ በበረታ ጊዜ ፕሬድኒሶሎን የተባለው መቆጣትን የሚያበርድ የስቴሮይድ ክኒንም ታዝዞልኝ ነበር፤ ይህ መድኃኒት በየሳምንቱ እየተቀነሰ እንጂ በአንድ ጊዜ የሚቆም አይደለም። አባቴ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ከእያንዳንዱ ቀን ሥር የምወስደውን የክኒን ብዛት በእርሳስ ጻፈ፤ ጠዋት ወደ መስጊድ ከመውጣቱ በፊት የትናንቱን ይሰርዛል። እናቴ አንጀቴ እስኪያርፍ ድረስ ገለባ የበዛበትን እህል ትታ ሩዝ፣ የድንችና የካሮት አልጫ፣ የተቀቀለ እንቁላል ታቀርብልኝ ነበር፤ ለብቻዬ እንዳልበላ ብላ ለቤቱ ሁሉ አልጫ ሠራች፤ በርበሬ የሚወዱት ወንድሞቼም ያለ ቅሬታ በሉ። ሲሻለኝ ጤፍ እንጀራዬን መልሳልኛለች፤ ምግብ ሕመሙን እንደማያድነው፣ መድኃኒቱንም እንደማይተካ ሐኪሙ ነግረውናል።

ረመዳን ሲገባ ሕመሙ ገና አልተረጋጋም ነበር። የምጾመው በምን ጉልበት እንደሆነ እያሰብኩ ሳለ አያቴ፣ «ልጄ፣ ለታመመ ሰው አላህ ፈቅዷል፤ ሲሻልሽ ቀዷሽን፣ ያለፈሽን ጾም፣ ታወጫለሽ» አለችኝ። የእሷ ቃል በቤታችን ያለውን ክርክር ሁሉ ዘጋ። በተረጋጋሁበት ዓመት ደግሞ ክኒኑን በኢፍጣርና በሱሁር ሰዓት ከፍዬ መውሰድ እችል እንደሆነ ሐኪሜን ጠይቄ በፈቃዳቸው ጾምኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ጉዞው ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም፣ የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ ሚኒባሱ እየወረደ ሆድ ሲነሣ የሚደረስበት መጸዳጃ የለም። ታናሽ ወንድሜ ክኒኑ መሥራት እስኪጀምር ድረስ አብሮኝ ይሳፈር ነበር፤ በር አጠገብ ያስቀምጠኛል፤ ረዳቱንም በጆሮው፣ «እህቴን አሟታል፣ ስነግርህ አስቁምልኝ» ይለዋል። ማንም አልተቆጣንም። መድኃኒቱ ለውጥ ማምጣቱን ያወቅሁት ብቻዬን ተሳፍሬ ስለ ሆዴ ሳላስብ ኮምቦልቻ ስደርስ ነው።

ትልቁ ጉድለቱ አቅርቦቱ ነው። እዚሁ ደሴ ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ ያሉትን መድኃኒት ቤቶች አዳርሼ ያጣሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ያለችው የአጎቴ ልጅ ገዝታ በአውቶቡስ ትልክልኛለች። በመሆኑም ከምወስደው ላይ የአንድ ወር ያህል ትርፍ ይዤ እቆያለሁ፤ የሚገዛ ሰውም እንዲሁ ቢያደርግ እመክራለሁ። ሽፋን ያለውና የሌለው ዓይነት ስላለ ስትገዙ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ሽፋን ያለው ለጨጓራ ይሻላል፣ ነገር ግን አይሰበርም፣ አይፈጭም። ልጅ የሚፈልግ ወንድ ከሆነ የወንድ ዘር ሴል (ስፐርም) ቁጥርን እንደሚቀንስና ሲቆም እንደሚስተካከል ይወቅ፤ በራሱ ፈቃድ ከማቆም ይልቅ ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት እንዲቀይሩለት ይጠይቅ። ለማርገዝ የምታስብ ሴት ደግሞ ከመፀነሷ በፊት ስለ ፎሊክ አሲዱ መጠን ሐኪሟን ታማክር።