ሆስቲንግ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ሳትከፍሉ በፊት ይሄን አንብቡልኝ (እና ለአንድ ልጅ ምስጋና)

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ብዙ ጊዜ እንዲህ አይነት ፖስት አልጽፍም ግን ይሄ ልጅ ያደረገልኝን ዝም ብዬ ባልፈው ግፍ ነው የሚሆንብኝ፣ ደግሞ እንደኔ ኦንላይን ሱቅ ከፍታችሁ ዌብሳይቱ እየተንቀራፈፈ ያስቸገራችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ።

ለማታውቁኝ፣ የሀበሻ ልብስ ነው የምሸጠው። ሸማኔዎቼ ሽሮ ሜዳ ናቸው፣ ደንበኛዬ ግን አብዛኛው አሜሪካ ነው ያለው፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ዲሲ አካባቢ። ሰው ይገባል፣ ቀሚሱን ይመርጣል፣ ጥለቱን ይመርጣል፣ ቁመት ወገብ ደረት ይሞላል፣ ዋጋው እዛው ተሰልቶ ይመጣለታል፣ በካርድ ይከፍላል። ዌብሳይቱ ወርድፕረስ በሚባል የዌብሳይት መስሪያ ፕሮግራም ነው የተሰራው፣ ሱቁ ደግሞ በላዩ ላይ በሚጨመረው ዉኮሜርስ።

ባለፈው ዐቢይ ጾም፣ ፋሲካ እየደረሰ ትዕዛዝ በሚበዛበት ሰሞን አንዷ ደንበኛዬ በቴሌግራም ድምፅ ላከችልኝ። "እህቴ ኧረ ሁለት ጊዜ ቆረጠብኝ፣ ክፈል የሚለውን ስነካው ዝም አለ፣ ያልተነካ መስሎኝ ደግሜ ነካሁት" ትላለች። የስልኳን ስክሪንም ቀድታ ልካልኛለች፣ ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች ትዞራለች፣ ቆጠርኩት፣ 11 ሰከንድ። ብሯን ወዲያው መለስኩላት። ግን እሷ ስለምታውቀኝ ነው የነገረችኝ፣ ስንቱ ዘግቶ እንደሄደ ሳስብ በዛ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ሰርቨር፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ ያለ ኮምፒውተር ኪራይ) የገዛሁበት ድርጅት ጋ ጻፍኩ። የስፒድ ቴስት ስክሪንሾት ላኩልኝ፣ አረንጓዴ፣ 96 ከ100፣ "ዌብሳይትዎ ፈጣን ነው፣ ከፈለጉ ከፍ ወዳለው ፓኬጅ ይቀይሩ" አሉኝ። ቀየርኩ፣ የአመት ከፈልኩ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሌላው ሰው ደግሞ ሰርቨሩ አውሮፓ ስለሆነ ራቀ ይለኛል፣ ሌላው ካሽ ፕለጊን (ወርድፕረስ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ጫኚ ይለኛል። (ካሽ ስል የኮምፒውተሩን ማለቴ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይደለም።) ካሽ ፕለጊን እኮ አለኝ! ሆም ፔጁ ፏ ብሎ ነው የሚከፈተው፣ ቅርጫትና ክፍያ ጋ ሲደርስ ነው የሚሞተው።

የአክስቴ ልጅ ናት ይሄን ልጅ ያገናኘችኝ። ሌላው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀኝ በጀትሽ ስንት ነው ብሎ ነበር፣ እሱ ግን "ደንበኞችሽ የት አገር ናቸው፣ በስንት ሰዓትስ ነው የሚገቡት?" አለኝ። ከዛ ያቺን 11 ሰከንድ ቪዲዮ ሶስቴ አየና እንዲህ ብሎ አስረዳኝ፣ እኔ ቴክኒክ አላውቅም ግን ይሄ ገባኝ።

"ካሽ ማለት ተጋግሮ መሶብ ውስጥ የተቀመጠ እንጀራ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ አንድ አንስቶ መስጠት ነው። ሆም ፔጅሽ እንደዛ ነው። ቅርጫቱ ግን የእያንዳንዱ ሰው የተለየ ነው፣ የአንዷን ለሌላዋ መስጠት አይቻልም፣ ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው ከሊጡ ጀምሮ ይጋገራል። ሎግኢን ያደረገ ሰው፣ ቅርጫት፣ ክፍያ፣ ይሄ ሁሉ ካሽ አይደረግም። ስፒድ ቴስቱ የለካው መሶቡን ነው እንጂ ምጣዱን አይደለም። እኛ የምንለካው ምጣዱን ነው፣ እሳቱ ምን ያህል ነው፣ ስንት ምጣድስ አለ።"

እሳቱ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ነው፣ ምክንያቱም ፒኤችፒ (ወርድፕረስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ) አንድን ገጽ የሚሰራው በአንድ ኮር (የፕሮሰሰሩ አንድ ክፍል) ላይ ስለሆነ 32 ኮር ያለው ሰርቨር ነው ቢሏችሁ ለአንዷ ደንበኛ የሚጠቅማት የአንዱ ኮር ፍጥነት ነው። የምጣዱ ብዛት ደግሞ ፒኤችፒ ወርከር የሚሉት ነው፣ ስንት ሰው ባንዴ ይስተናገዳል ማለት ነው። ሁለት ወርከር ካለ ሶስተኛው ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ እሱ ሲጠብቅ ነው ያቺ ክብ የምትዞረው።

መጀመሪያ ሆስቲንግ ቀይሪ አላለኝም። "ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሳናይ አንከስም" ብሎ ኩዌሪ ሞኒተር የሚባል ፕለጊን ጭኖ አሳየኝ፣ ቅርጫቱ አንዴ ሲከፈት ዳታቤዙን (የሱቁ መረጃ ሁሉ የተቀመጠበትን) ከ300 ጊዜ በላይ ይጠይቃል። ድሮ ጭኜ ያጠፋኋቸው ፕለጊኖች ደግሞ ቅንብራቸውን ጥለው ሄደው ኖሮ ሰው አንድ ገጽ በከፈተ ቁጥር ወደ 3 ሜጋባይት ዝባዝንኬ አብሮ ይጫናል። ወርድፕረስ ራሱ ከ6.6 ቨርዥን ጀምሮ ይሄ ነገር 800 ኪሎባይት ካለፈ ሳይት ሄልዝ በሚባል ገጹ ላይ ያስጠነቅቃል፣ እኔ ያንን ገጽ ከፍቼ አላውቅም ነበር። ፒኤችፒውም 7.4 ላይ ነበር፣ እሱ እኮ ድጋፉ በፈረንጆቹ ህዳር 2022 ያበቃ ነው። ባክአፕ ወስዶ ይሄን ሁሉ አጸዳና ወደ 8.2 አሳደገው። እዛው አሮጌው ሆስቲንግ ላይ እንዳለ ቅርጫቱ ከ4.6 ሰከንድ ወደ 2.7 ወረደ፣ አንድ ብር ለሆስቲንግ ሳይጨመር ማለት ነው። ጎግል ሰርቨሩ የመጀመሪያዋን ባይት (የመልሱን መጀመሪያ) እስኪመልስ 0.8 ሰከንድና ከዛ በታች ከሆነ ጥሩ ነው ይላል፣ ስለዚህ ገና ነበርን።

የርቀቱንም ወሬ በቁጥር ዘጋልኝ። ደንበኞቼ ካሉበት ከቨርጂኒያ አሮጌው ሰርቨር እስካለበት ፍራንክፈርት ደርሶ መልስ ወደ 90 ሚሊሰከንድ ነው፣ አዲስ ግንኙነት ሲከፈት በቲኤልኤስ 1.3 (ግንኙነቱን በሚስጥር የሚያደርገው አሰራር) ሶስት ጊዜ ያህል መመላለስ አለ፣ ቢበዛ 0.3 ሰከንድ ገደማ። ከ4.6ቱ 0.3 ብቻ! የቀረው ሰርቨሩ ቁጭ ብሎ የሚያስበው ነው። ርቀት ነው ያላችሁኝ ሁሉ ይሄን እዩልኝ።

ከዛ ነው ማወዳደሩ የመጣው። ሶስት ቦታ ለአንድ አንድ ወር ተከራየን፣ አንድ ርካሽ ሼርድ ሆስቲንግ (ብዙ ዌብሳይት አንድ ሰርቨር የሚጋራበት)፣ አንድ ውድ "ለወርድፕረስ ብቻ" የሚባል፣ አንድ ባለ 4 ኮርና 8 ጊጋ ሜሞሪ ቪፒኤስ (ከትልቅ ሰርቨር ለብቻ ተቆርሶ የሚሰጥ)፣ ሶስቱም አሽበርን ቨርጂኒያ፣ የደንበኞቼ ሰፈር አጠገብ። የሱቄን ቅጂ ሶስቱም ላይ አስቀመጠ፣ ያው ዳታቤዝ፣ ያው ፕለጊን፣ ያው የፒኤችፒ ቨርዥን፣ አንዷ ነገር እንኳን እንዳትለያይ ሲጠነቀቅ ማየት ነበረባችሁ። ካሽ ፕለጊኑን አጠፋ፣ ሰርቨሩ በራሱ የሚያደርገውንም አጠፋ፣ በዚህም አላመነም፣ ከገጹ ጋር ተደብቆ የሚመጣውን መረጃ፣ ሄደር የሚሉትን፣ እያየ "ሂት" የሚል ካገኘ ይሄ ከመሶብ ነው ብሎ ይጥለዋል። ኦፒካሽ የሚባለውን ብቻ ተወው። ለምን ስለው "እሱ የተሰራ ገጽ አያስቀምጥም፣ የፒኤችፒውን ኮድ ነው ተርጉሞ የሚያስቀምጠው፣ በእውነተኛ ስራ ላይ የሚያጠፋው ሰው ስለሌለ ብናጠፋው የማንኖርበትን ቤት መለካት ነው" አለኝ።

የለካው ደግሞ ከዚህ ከኔ ዋይፋይ አይደለም። እዛው አሜሪካ ትንሽ ማሽን ተከራይቶ በከርል (ገጹን ጠርቶ ሰዓቱን የሚለካ ፕሮግራም ነው) እያንዳንዱን 100 ጊዜ፣ በቀን ሶስቴ፣ ለአምስት ቀን። አማካይ አልወሰደም፣ መሀለኛውንና ከመቶ መጥፎዎቹን አምስት ለይቶ ጻፈ፣ ምክንያቱም ደንበኛ የሚጠፋው በመጥፎዎቹ ነው። አንዱ የመለኪያ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነበር፣ በዛን ሰሞን ዲሲ ከምሽቱ 2 ሰዓት ይሆናል፣ ደንበኞቼ ከስራ ገብተው ስልክ የሚይዙበት። በራሱ እንዲሰራ አድርጎት ነበር ግን የመጀመሪያውን ሌሊት አብሮ ተነስቶ ተከታተለው፣ ጠዋት ቴሌግራሜን ስከፍት የ9 ሰዓት ከ40 መልዕክት አገኘሁ፣ "ሼርዱ ማታ ማታ ይደክማል፣ ጎረቤት በዝቶበታል" የሚል።

ውጤቱ ይኸው። አንድ ሰው ብቻውን ሲገባ ሼርዱ 0.9፣ ውዱ 1.1፣ ቪፒኤሱ 0.6 ሰከንድ። አያችሁ፣ እዚህ ላይ ቢቆም እኔ ሼርዱን ነበር የምገዛው፣ ከውዱ ይሻላላ! እሱ ግን 20 ሰው እየተዘዋወረ የሚገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም ለቀቀባቸው፣ እያንዳንዱ በየአምስት ሰከንዱ አንድ ነገር የሚነካ። ሼርዱ ከ10 ሰከንድ አለፈ፣ ከዛም 508 የሚል ኢረር መትፋት ጀመረ፣ የተፈቀደልህን ጨርሰሃል ማለት ነው። ውዱ 5፣ 6 ሰከንድ። ለካ ውሉ ታች በትንሽ ፊደል ሁለት ወርከር ብቻ ይላል፣ ሁለት ምጣድ። ቪፒኤሱ 0.9 ላይ ጸጥ ብሎ ቆየ። "ያልተገደበ" ተብሎ የተለጠፈው ያ ሼርዱ ነው፣ ያልተገደበው የዲስክ ቦታው ነው፣ ፕሮሰሰሩ ግን አንድ ኮር ላይ ታስሯል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር።

ቪፒኤሱን ወሰድን። ማይኤስኪውኤል (ዳታቤዙን የሚያሰራው ፕሮግራም) ሲጫን በራሱ ለዳታ የሚይዘው ሜሞሪ 128 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ወደ 2 ጊጋ ከፍ አደረገው፣ ካሹን ደግሞ መጨረሻ ላይ መልሶ ለምርት ገጾቹ አበራልኝ። ቪፒኤስ ግን ራሱን አያስተዳድርም፣ አፕዴትም ሴኪዩሪቲም ባክአፕም በራሳችሁ ነው፣ ይሄን ሳልገዛ በፊት ነው የነገረኝ፣ "የሚከታተልልሽ ሰው ከሌለ አትግቢበት" ብሎ። አሁን በወር ትንሽ እየከፈልኩት እሱ ይከታተለዋል፣ ባክአፑ በየሌሊቱ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል።

በጣም የነካኝን ልንገራችሁ። የሆስቲንግ ድርጅቶች ሰው ላመጣላቸው ኮሚሽን ይከፍላሉ፣ ኢንተርኔት ላይ "ምርጥ ሆስቲንግ" የሚለው ዝርዝር ብዙው የዛ ነው። እሱ ሶስቱንም በኔ ካርድ፣ በኔ ስም፣ ያለምንም ሪፈራል ሊንክ (ማን እንዳመጣኝ የሚናገር አድራሻ) ነው ያስመዘገበኝ፣ አጠገቤ ቁጭ ብሎ አድራሻው ላይ ትርፍ ነገር እንደሌለ እያሳየኝ። "ኮሚሽን ከበላሁ ቁጥሬን አታምኚውም" አለኝ። ዋጋውን መጀመሪያ ነግሮኝ ነበር፣ ስራው ካሰብነው በላይ ሲረዝም አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የለካበትን ሰንጠረዥና ስክሪፕቱንም ሰጥቶኝ ነው የሄደው፣ ነገ ሌላ ሰው ባሰራ ያው ስክሪፕት ያሰራልኛል።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። እናትህ እንደዚህ አድርጋ ስላሳደገችህ እሷንም እግዜር ይስጣት። ያቺ ሁለቴ የተቆረጠባት ደንበኛዬ ባለፈው ሳምንት ለልጇ ክርስትና ሶስት ቀሚስ አዘዘች፣ የላከችልኝ ድምፅ 4 ሰከንድ ነው፣ "እህቴ አንዴ ነክቼው አለቀ" የሚል፣ ወዲያው ፎርዋርድ አደረግኩለት።

የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ስሙንና ስልኩን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ስለለመነኝ ነው እንጂ ልሰውረው ፈልጌ አይደለም። አንድ ነገር ብቻ፣ ቀን ቀን ስልክ አያነሳም፣ በጽሁፍ ነው የሚመልሰው፣ ባንዴም ከሁለት ሰው በላይ ስራ አይቀበልም፣ ዛሬውኑ ይለቅ የምትሉ ከሆነ አይሆናችሁም። ስትጽፉልኝ ዌብሳይታችሁ በምን እንደተሰራ፣ ደንበኞቻችሁ የት አገር እንዳሉና በስንት ሰዓት እንደሚበዙ አብራችሁ ጻፉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።