ባለ ሁለት ዎፈር ቋሚ ስፒከር፦ ከ10 ወር አገልግሎት በኋላ

በእያንዳንዱ ሳጥን ሁለት 16.5 ሳንቲ ሜትር ዎፈር (ወፍራሙን ድምፅ፣ ቤዙን የሚያወጣው)፣ አንድ 2.5 ሳንቲ ሜትር የጨርቅ ትዊተር (ቀጭኑን የሚያወጣው)፣ ከጀርባው የአየር ቀዳዳ። ቁመቱ 98 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 32፣ የአንዱ ክብደት 17 ኪሎ። ካርቶኑ ላይ 6 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ)፣ 89 ዴሲቤል (የድምፁ ጉልበት) ይላል። ወለል ላይ ከሚቆሙ ርካሽ ስፒከሮች መካከል ከዚህ የበለጠ የተለመደ ቅርፅ የለም፤ አምስት ብራንዶች ጎን ለጎን ቢቆሙ ማርካቸው ተሸፍኖ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የሞዴሉ ስም እዚህ ብዙም አይጠቅምም። የሚጠቅመው፣ እንዲህ ያለ ጥንድ 10 ወር በየቀኑ ሲሠራ የት እንደሚያስደስትና የት እንደሚያስቸግር ማወቁ ነው።

ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው። ግን ሰው የሚገዛበት ምክንያትና በኋላ የሚያማርርበት ምክንያት አንድ ነው፦ ቤዙ።

የሚሠራበት ክፍል 4 በ5.2 ሜትር ነው፤ የጣሪያው ከፍታ 2.7። ክፍል ሁሉ የራሱ የሚያስተጋባው ድምፅ አለው፤ 172ን ለግድግዳው ርዝመት በሜትር ማካፈል ዝቅተኛውን ይሰጣል። እዚህ በርዝመት 33፣ በወርድ 43፣ በከፍታ 64 ኸርዝ (በሴኮንድ የንዝረት ብዛት) ይመጣል። የጀርባው ቀዳዳ ደግሞ በዚህ መጠን ባሉ ሳጥኖች ብዙ ጊዜ የሚቃኘው በ40ዎቹ ኸርዝ አካባቢ ነው። እንግዲህ ስፒከሩ አየሩን በደንብ የሚገፋበት ቦታና ክፍሉ የሚያጎላው ቦታ 43 ላይ ተገናኙ ማለት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ክፍቱን ሲመታ 41 ኸርዝ ነው፤ ቀጥሎ ያለው ኖታ 44 ገደማ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እነዚህ ሁለት ኖታዎች በመጡ ቁጥር ክፍሉ አብሮ እያስተጋባ ይጎረናል፣ ሌሎቹ ኖታዎች ግን በልካቸው ያልፋሉ። ብዙ ገዢ ይህን ሰምቶ «ቤዙ ኃይለኛ ነው» ይላል። ኃይለኛ አይደለም፤ ያልተስተካከለ ነው። አንድ ወር ሲቆይ ጆሮን የሚያደክመውም ይኸው ነው።

መፍትሔው ስፒከሩን ማንቀሳቀስ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። መጀመሪያ ከኋላው ግድግዳ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ቆሞ ነበር። እዚያ ቤዙ ከሁሉም በላይ ያብጣል፤ የወንድ ድምፅ በደረት ውስጥ እንደሚናገር ይሆናል። ወደ ፊት ሲሳብ እብጠቱ ይቀንሳል፣ ነገር ግን ሌላ ጉድለት ይዞ ይመጣል። ከዎፈሩ ወደ ኋላ ሄዶ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ በአንድ ድግግሞሽ ላይ ከዋናው ጋር ተቃርኖ ያጠፋዋል። ያ ድግግሞሽ 86ን ከኮኑ (ከዎፈሩ ከሚነዝረው ፊት) እስከ ግድግዳው ላለው ርቀት በሜትር በማካፈል ይገኛል። 20 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የሳጥኑ ጥልቀት ተጨምሮ 52 ሳንቲ ሜትር ስለሚሆን፣ ጉድለቱ 165 ኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ 55 ላይ ሲቆም 99 ኸርዝ ላይ። ከግድግዳ ማራቅ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው ምክር ስለዚህ ግማሽ እውነት ነው። ወደ 100 ኸርዝ ሲቀርብ የከበሮው ጡጫ ይከሳል። በዚህ ክፍል ውስጥ ያስማማው 45 ሳንቲ ሜትር ሆነ። በሌላ ክፍል ሌላ ቁጥር ይወጣል፤ በ5 ሳንቲ ሜትር እያንቀሳቀሱ አንድ ዘፈን ደጋግሞ መስማት ነው። ከጎን ግድግዳ ያለው ርቀት ከኋላው ጋር እኩል እንዳይሆን፤ ሁለቱ ጉድለቶች አንድ ላይ ከወደቁ ጉድጓዱ ይጠልቃል።

ሶፋውም የዚህ ጨዋታ አካል ነው። ጭንቅላት ከግድግዳ ጋር ተጣብቆ ሲሰማ ቤዝ ይቆለላል፤ በክፍሉ ርዝመት ልክ መሃል ሲሆን ደግሞ 33 ኸርዙ ከናካቴው ይጠፋል። ጭንቅላት ከኋላው ግድግዳ 1.5 ሜትር፣ በስፒከሮቹ መካከል 2.2 ሜትር፣ ከስፒከር እስከ ጆሮ 3 ሜትር ገደማ፦ ጥንዱ አሁን ያለው በዚህ ልክ ነው። መጋረጃና ምንጣፍ የሲምባልን መንጣጣት ያለዝባሉ፣ ቤዝን ግን አይነኩም። በመጋረጃ ጉርናታን ለማጥፋት መሞከር ድካም ብቻ ነው።

ከካርቶኑ ሁለት የስፖንጅ መሰኪያ ይወጣል። ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ ሳጥኑ ዝግ ወደመሆን ይጠጋል፤ ቤዙ ቀደም ብሎ መውረድ ይጀምራል፣ አወራረዱ ግን ለስላሳ ነው፤ ክፍት ሲሆን ከቅኝቱ በታች በኦክታቭ (ድግግሞሹ በግማሽ ባነሰ ቁጥር) 24 ዴሲቤል ገደማ የሚወድቀው፣ ዝግ ሲሆን 12 ገደማ ይወድቃል። በትንሽ ክፍል መሰኪያው ጥሩ ነው። እዚህ ከ3 ወር በኋላ የቀረው ወደ ማዕዘን የተጠጋው ስፒከር ውስጥ ብቻ ነው። አንዱን ደፍኖ ሌላውን መተው ነውር ይመስላል፤ ሁለቱ የቆሙበት ቦታ እኩል እስካልሆነ ድረስ ግን ጆሮ የሚቀበለው እሱን ነው። መሰኪያ የጠፋበት ሰው የተጠቀለለ ካልሲ ቢከት ያው ሥራ ይሠራል።

ከቤዝ በላይ ያለው ክፍል ያለ ብዙ ወሬ ይመሰገናል። ሁለቱ ዎፈሮች እኩል አይሠሩም፤ የታችኛው ቤዝ ብቻ ይዞ ቀደም ብሎ ሲያቆም፣ የላይኛው እስከ ትዊተሩ ድንበር ይዘልቃል። በዚህ አሠራር፣ ሁለት ተኩል ዌይ በሚባለው፣ የሰው ድምፅ ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ይመስላል። ትዊተሩ ከወለል 88 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ ሶፋ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮ ደግሞ ወደ 95 ይደርሳል። የፊተኞቹን ሹል እግሮች ጥቂት ዙር አውጥቶ ሳጥኑን በጥቂቱ ወደ ኋላ ማዘንበል ልዩነቱን ይሞላል። ስፒከሮቹ ወደ አድማጩ ፊት ለፊት ሲዞሩ ትዊተሩ ትንሽ ይሾላል፤ መስመራቸው ከጭንቅላት ጀርባ ግማሽ ሜትር ያህል ላይ ሲገናኝ ይረጋጋል። «ስፒከር እስኪላመድ 200 ሰዓት ይጠብቁ» የሚባለውን በጥርጣሬ መውሰድ ይሻላል። የኮኑ ጎማ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንሽ ይላላል፤ ከዚያ በኋላ የሚላመደው ጆሮ ነው።

ስለ አምፕሊፋየር። 89 ዴሲቤል የሚለው በ2.83 ቮልት፣ በ1 ሜትር ርቀት የተለካ ነው። 2.83 ቮልት በ8 ኦም ላይ 1 ዋት ነው፤ በ6 ኦም 1.33፣ በ4 ኦም 2 ዋት። ሁለት ስፒከሮች እኩል 89 ቢሉና አንዱ 8፣ ሌላው 4 ኦም ቢሆን፣ ባለ 4 ኦሙ ያንን ድምፅ ያወጣው በእጥፍ ጉልበት ነው፤ በእኩል ዋት 86 ላይ ይቀራል። ለዚህኛው በ1 ዋት 88 ገደማ ይመጣል። 3 ሜትር ላይ በክፍል ውስጥ 6 ያህል ይቀነሳል፣ ሁለት ስፒከር በመሆኑ 3 ይጨመራል፤ ወደ 85 ዴሲቤል፣ ማለትም ጎረቤት የሚሰማው ድምፅ። ከበሮ ሲመታ ከዚያ በላይ 15 ዴሲቤል ቢዘል 32 ዋት ገደማ ይፈልጋል። እንግዲህ እውነተኛ 50 ዋት ያለው አምፕ ይበቃል፤ ካርቶኑ ላይ «እስከ 200 ዋት» መጻፉ 200 ዋት ያስፈልጋል ማለት አይደለም። ጉልበቱን የሚጨርሰው የቤዝ ቁልፍ ነው። ቤዙን 10 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ በዚያ ክልል ዋቱን 10 እጥፍ መጠየቅ ነው፤ አምፑ ሲያልቅበት የሞገዱን ጫፍ ይቆርጣል፣ ቀድሞ የሚቃጠለውም ብዙ ጊዜ ትዊተሩ ነው።

የኦም ቁጥሩ ከዋቱ የበለጠ ትኩረት ይገባዋል። አይኢሲ 60268-5 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ዝቅተኛው ኢምፒዳንስ (በኦም የሚለካው ተቃውሞ) ከተጻፈው 80 በመቶ በታች እንዳይወርድ ይጠይቃል፤ 6 ኦም የተባለ ከ4.8 መውረድ የለበትም ማለት ነው። ዎፈሮቻቸው ጎን ለጎን የተገናኙ ቋሚ ስፒከሮች ላይ ይህ ሁልጊዜ አይከበርም፤ 8 ተብሎ በአንዳንድ ድግግሞሽ ወደ 4 የሚወርድ አለ። ጀርባው ላይ «6 ኦም እና ከዚያ በላይ» የሚል አምፕ ያለው ሰው ይህን ሳያጣራ አይግዛ። በተለይ በአምፑ ኤ እና ቢ ማውጫዎች ላይ ሁለት ጥንድ አንድ ላይ ማሠራት ኦሙን በግማሽ ይቀንሰዋል፤ አምፑ ሞቆ ራሱን የሚያጠፋው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ገመዱ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ አያስፈልግም። ለ5 ሜትር ርቀት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ሄዶ መልስ 0.07 ኦም ብቻ ይይዛል። ቀጭኑ 0.75 ግን 0.23 ይደርሳል፤ ኦሙ ዝቅ በሚል ስፒከር ላይ ያ መሰማት ይጀምራል። በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ሽቦ ርካሽ ነው፣ ግን አንድ ቁጥር ወፍራሙን መውሰድ ያስፈልጋል፤ ጫፉ ሲፋቅ ውስጡ ነጭ ከሆነ እሱ ነው። ከስፒከሩ ጀርባ አራት ማሠሪያ አለ፤ ሁለት ሁለቱን የሚያገናኙት የናስ ሳህኖች መውለቅ የለባቸውም። ሳህኖቹ ወልቀው ሽቦው ከታች ብቻ ሲገባ ትዊተሩ ዝም ይላል፤ «ድምፁ ታፈነ» ከሚሉት ቅሬታዎች ጥቂት የማይባሉት ከዚህ ይመጣሉ። በአምስተኛው ወር በግራው ስፒከር ላይ ድምፁ ይቆራረጥ የነበረውም ሳህኑ በንዝረት ስለላላ ነው። በጣት ማጥበቅ በቂ ነው፤ በፒንሳ ከተጠበቀ ማሠሪያው ውስጥ ለውስጥ ይዞርና የውስጡ ሽቦ ይበጠሳል።

ቤዙ ከሲታ፣ ዘፋኙም መሃል ሳይሆን ጭንቅላት ውስጥ ያለ የሚመስል ከሆነ፣ ከሁሉ በፊት ቀይና ጥቁሩ መገለባበጡን ማየት ነው። ሽቦውን ከአምፑ ነቅሎ ጫፎቹን በ1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ማስነካት ያሳያል፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ከቀዩ በሚመጣው ጫፍ ላይ ሲነካ ኮኑ ወደ ውጪ ይወጣል። ወደ ውስጥ የሚገባበት በኩል ተገልብጧል።

በ10 ወር ውስጥ ያረጀ ነገር ጥቂት ነው። የዎፈሮቹ ብሎኖች በአራተኛው ወር ላልተው ዝቅ ባለ ቤዝ ላይ የሚነዝር ድምፅ አምጥተው ነበር። በካቻቪቴ ሩብ ዙር፣ በተቃራኒ እያፈራረቁ ማጥበቅ ነው፤ ሳጥኑ ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) ስለሆነ ከልክ በላይ ከተጠበቀ ጥርሱን ይበላና ዳግመኛ አይዝም። የፊት ሽፋኑ ከአራት የፕላስቲክ ካስማዎቹ አንዱ ተሰብሯል፤ ቀጥ ብሎ ሳይሆን ከአንድ ጫፍ ሲሳብ ይሰበራል። የሳጥኑ ቆዳ እውነተኛ እንጨት ሳይሆን የተለጠፈ ፕላስቲክ ነው፤ ፀሐይ በሚያገኘው በኩል የታችኛው ጠርዝ መነሣት ጀምሯል። ወለል ሲወለወል ውኃ ወደ ሳጥኑ ሥር እንዳይገባ መጠንቀቅ ይገባል፤ ኤምዲኤፍ አንዴ ካበጠ አይመለስም። ሹል እግሮቹ ምንጣፍ ላይ ጥሩ ናቸው፤ ሴራሚክ ላይ ግን ያንሸራትታሉ፣ ይጭራሉም፤ ከሥራቸው ክብ ብረት ይደረግ ወይም በጎማ እግር ይቀየሩ። ሕፃን ባለበት ቤት 17 ኪሎ ቀጭን ሳጥን ገፍቶ መጣል ከባድ አይደለም። መሠረቱን ሰፋ የሚያደርግ ተጨማሪ እግር የሌለውን ሞዴል እዚያ ማቆም ስህተት ነው።

ክፍሉ 12 ካሬ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነ ሰው ይህን ዓይነት አይግዛ። ከዚሁ ቤተሰብ ትንሹን ባለ አንድ ዎፈር ወስዶ ማቆሚያ ላይ ያስቀምጠው፤ ቦታው ያው ነው፣ ጉርናታው ግን ያንሳል። ሰብዉፈር (ለቤዝ ብቻ የተሠራ ስፒከር) ያለው ወይም ሊገዛ ያሰበም ቢሆን ትንሹ ይበቃዋል፤ በ80 ኸርዝ ሲከፈል ትልቁ ሳጥን የሚመካበትን ሥራ ሰብዉፈሩ ይረከበዋል፣ ደግሞም ቤዙን ለብቻው ወደሚስማማው ጥግ መውሰድ ይቻላል። ከ20 ካሬ ሜትር በላይ ለሆነ፣ ሰብዉፈር ለማይፈልግ ሰው ግን ቋሚው ትርጉም አለው። በኮን ብዛት መታለል ብቻ አይገባም፤ የአንድ 16.5 ሳንቲ ሜትር ዎፈር የሚገፋ ስፋት 135 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን የ13ቱ ወደ 90 ነው። ሦስት ትንንሾች ከሁለቱ ትልልቆች ጋር እኩል ናቸው፤ ፊታቸው ግን የበለጠ ያምራል።

መደብር ውስጥ ሲወዳደሩ ድምፃቸው እኩል ይደረግ። 2 ዴሲቤል ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ ሻጭም ይህን ያውቃል። ያገለገለ ሲሆን ኮኑን በአራት ጣት በእኩል ቀስ አድርጎ መግፋት ነው፤ የሚፋቅ ድምፅ ካለ የውስጡ ጥቅልል ተቃጥሏል ወይም ተጣሟል። የዎፈሩ ዙሪያ ጎማ ከሆነ ይቆያል፤ ስፖንጅ ከሆነ ከዓመታት በኋላ ይፈረፈራል። ባለ 6 ኦሙ በመልቲሜትር ከ4 እስከ 5.5 ባለው ያነብባል፤ ግን ይህ የሚናገረው ስለ ዎፈሮቹ ብቻ ነው። ትዊተሩ ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ከሚያግድ ካፓሲተር ኋላ ስለሆነ መልቲሜትሩ አያየውም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ እያሠሩ ጆሮን ማስጠጋት ያስፈልጋል፣ በሁለቱም በኩል፣ ተራ በተራ።