ስለ ቫይረስና ሊምፎማ የሚያስተምር የኢንተርኔት ኮርስ፦ ግምገማ

ቫይረሶች በሊምፎማ (ከነጭ የደም ሴሎች በሚነሳ የካንሰር ዓይነት) መነሳት ውስጥ ያላቸውን ድርሻ የሚያስረዳውን ይህን ኮርስ እስከ መጨረሻው ተከታትዬዋለሁ፤ የተከፈለበት ገንዘብ አያስቆጭም።

ከሁሉ የላቀው በ1964 እ.ኤ.አ. በበርኪት ሊምፎማ (በፍጥነት የሚያድግ የሊምፎማ ዓይነት) ሴሎች ውስጥ ስለተገኘው ኤፕስታይን-ባር ቫይረስ የሚያትተው ክፍል ነው። ቫይረሱ ቢ ሴል በተባለው ነጭ የደም ሴል ውስጥ ተደብቆ ሲኖር ኤልኤምፒ1 የተባለ ፕሮቲን ሊያመርት እንደሚችል፣ ይህም ፕሮቲን ከውጭ ምንም ትእዛዝ ሳይመጣ ሴሉ እንዲባዛና እንዳይሞት ያለማቋረጥ ምልክት እንደሚሰጥ የሚያሳየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል በእጅጉ የተዋጣለት ነው። አስተማሪዋ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑ አዋቂዎች ቫይረሱን ይዘው እንደሚኖሩ፣ ሊምፎማ የሚይዛቸው ግን እጅግ ጥቂቶች መሆናቸውን ደጋግመው ያስገነዝባሉ፤ እንደ ተደጋጋሚ የወባ ሕመም፣ የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም ወይም የሴል መባዛትን የሚያዝዘው የማይክ ጂን ከቦታው መዛወር ያሉ ተጨማሪ ምክንያቶችንም አብረው ያነሳሉ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌሎች ኮርሶች ብዙም አይታይም።

ሄፓታይተስ ሲ (ጉበትን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ) ሲታከም አንዳንድ የጣፊያ ሊምፎማዎች ያለ ኬሞቴራፒ ሊከስሙ እንደሚችሉ የሚገልጸው ትምህርትም የቫይረሱን ሚና ከማንኛውም ክርክር በላይ አሳማኝ ያደርገዋል።

በአንጻሩ ቲ ሴል የተባለውን ሌላ ነጭ የደም ሴል የሚያጠቃውና ከእናት ወደ ልጅ በጡት ወተት የሚተላለፈው ኤችቲኤልቪ-1 የተባለው ቫይረስ እንደ ዋዛ ታልፏል፤ ካርፖሲ ሳርኮማ የተባለውን ካንሰር የሚያስከትለው ሄርፐስ ቫይረስ 8 ከሊምፎማ ጋር ያለው ግንኙነትም በአንድ ስላይድ ብቻ ተቋጭቷል። የምዕራፍ ማጠቃለያ ጥያቄዎቹ ደግሞ ስም ከማስሸምደድ አያልፉም። የባዮሎጂ መሠረት ላለው ሰው ኮርሱን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ለጀማሪ ግን የሚከብድ ይመስለኛል።